የድሮው ቶፖ ካርታ ላይ ያለው ጨፌ ከሳተላይቱ ጋር አልገጥም አለኝ፣ ጫካው ነው የሄደው ወይስ እኔ ነኝ የሳትኩት?

ሰመመን21፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ከወዲሁ ይቅርታ። የማስተርስ ጽሑፌን የምሠራው ባሌ ተራሮች ላይ ነው፣ ከሳነቴ ወደ ደሎ መና ስትወርዱ ሐረና ጫካ ውስጥ ካሉት ሸለቆዎች በአንዱ፣ ሐሳቡ ጫካው ባለፉት ሃምሳ ስልሳ ዓመታት ምን ያህል እንደተቀየረ ማየት ነው። የአሁኑ የሳተላይት ምስል ችግር የለውም፣ የድሮው ነው ያጣሁት። ከዛ አንድ ዘመዳችን ቤት ሳጥን ሲጸዳ የተጣጠፈ ወረቀት ወጣ፣ ገልጬ ሳየው 1:50,000 ቶፖ ሺት (የመሬት አቀማመጥ ካርታ) ነው፣ ያውም የኔው ሸለቆ ያለበት! እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ወረቀቱ ተጣጥፎ ብዙ ዘመን ስለኖረ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ተፍቋል፣ አንዱ እጥፋት ደግሞ ልክ ወንዙ ላይ ስላረፈ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወንዝ ጠፍቷል፣ የታችኛው ህዳግ ከግማሽ በላይ ተቀዶ ስለሄደ የካርታው መፍቻም እዛው ቀርቷል። ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፣ የሆነ ሰው ስልክ ቁጥር መዝግቦበት ይሆናል። የተረፈው ግን ያምራል፣ ቡኒ ኮንቱር (የከፍታ መስመር)፣ ሰማያዊ ወንዝ፣ አረንጓዴ ጫካ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ነጭ ሆኖ የተተወ የባቄላ ቅርጽ ያለው ጨፌ። ያ ጨፌ ዛሬም አለ፣ በእግሬ ሄጄ ቆሜበታለሁ።

ስካን አደረግኩት፣ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ አራቱን ማዕዘን በዩቲኤም (በሜትር የሚቆጠር የካርታ አድራሻ) ዞን 37 ቁጥራቸው ጂኦሬፈረንስ አደረግኩት፣ ማለትም ምስሉን መሬት ላይ ካለው ቦታው ጋር አገናኘሁት፣ ስህተቱም በጣም ትንሽ ነው አለኝ። ሳተላይቱ ላይ ሳስቀምጠው ግን ጨፌው በሰሜን በኩል ጫካውን 200 ሜትር ገደማ በልቶ ገብቷል፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ጫካው መልሶ ጨፌውን 200 ሜትር ገደማ ሸፍኖታል። እኔ ተደስቼ ሰሜኑ የከብት ግጦሽ ነው ደቡቡ ደግሞ ያገገመ ጫካ ነው ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ደስ አላለኝም፣ እንዴት ሁለቱም 200 ይሆናል?

ሌላው፣ ጫካው ውስጥ በኮንቱሩ ያነበብኩት ከፍታ እዛው ቆሜ ከለካሁት ጋር ሳወዳድረው ካርታው ከፍ ይላል፣ አንዳንድ ቦታ 20 አንዳንድ ቦታ 30 ሜትር። ጨፌው ላይ ግን ይገጥማል። ሦስተኛው ጥያቄ ትንሽ ነው፣ በቁርጥ ቁርጥ መስመር የተሳለ የእግር መንገድ ወንዙ ዳር ደርሶ ይቆማል፣ ማዶ ቀጥሎ አይታይም። ሰው እዛ ድረስ ሄዶ ምን ሊያደርግ ነው? የሚያውቅ ይርዳኝ።

ቀይ_እስክሪብቶ፦

ጨፌው ከብት ሊያግድ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሄዷል በለው፣ ጥሩ ቻፕተር ይወጣዋል 😄

ከምሬ ግን፣ ወንዙንስ አይተኸዋል? የወንዙን መታጠፊያ አንዱን ያዝና ካርታው ላይ ያለውንና ሳተላይቱ ላይ ያለውን ለካው።

ሰመመን21፦

አሁን አየሁት። ወንዙም ሄዷል። በዛው ልክ፣ በዛው አቅጣጫ። ገደሉም ሄዷል 😩 ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ እኮ ሰዎች።

ሬስተር_ሰፈር፦

እንኳን ሦስት ብቻ ሆነ፣ እኔ በዚችው ነገር ሙሉ ሪፖርት አስረክቤ ነው የነቃሁት። ችግርህ ዳተም ነው፣ ማለትም የቦታ አድራሻ የሚቆጠርበት መነሻ። የኛ አገር የድሮ 1:50,000 ሺቶች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው፣ ኤሊፕሶይዱ (የመሬትን ቅርጽ የሚወክለው ኳስ) ክላርክ 1880። አንተ ግን ማዕዘኖቹን ስትሞላ ፕሮጀክትህን ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ዳተም፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ዞን 37 እንደተወከው እገምታለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ሶፍትዌሩም ዝም ብሎ ይቀበልሃል፣ ቁጥሩ ስለሚመስል። ሁለቱም ዩቲኤም ናቸው፣ ሁለቱም ዞን 37 ናቸው፣ ግን መሬቷን የሚለኩባት ኳስ የተለያየች ናት፣ መሃሏንም ያስቀመጡት የተለያየ ቦታ ነው። በኛ አገር ልዩነቱ ተቀንሶ ተደምሮ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ ነው። ስለዚህ ካርታህ ከእውነተኛ ቦታው ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ ነው የተቀመጠው። ጨፌህ በምሥራቅ በኩልም ጫካ በልቷል አይደል? ልብ አላልከውም እንጂ በልቷል።

ስህተቱ ትንሽ ነው ያለህ ደግሞ አያታልልህ። ያ ቁጥር የሚነግርህ አራቱ ነጥቦች እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ብቻ ነው፣ አራቱም በአንድነት ቢሳሳቱ ዜሮ ይልሃል። አራት ሰው ተስማምቶ ሲዋሽ እንደማለት ነው።

መፍትሄው፦ ጂኦሬፈረንሱን እንደ አዲስ ጀምር፣ ታርጌት ሲአርኤሱን (ካርታው የሚቀመጥበትን የአድራሻ ሥርዓት) በኮድ ቁጥሩ ኢፒኤስጂ 20137 በል፣ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ማለት ነው። ካርታው ላይ የታተመውን የግሪድ (የካሬ መስመሮቹን) ቁጥር እንዳለ ጻፍለት፣ ምንም ሳትቀንስ ሳትደምር። ከዛ ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ራሱ ይቀይርልሃል፣ ሲቀይር ግን ብዙ አማራጭ ያወጣልሃል፣ አዲንዳን ሱዳንም ቡርኪና ፋሶም ስላለ፣ አንተ ኢትዮጵያ የሚለውን ምረጥ፣ ለኢትዮጵያ ከሚሠራባቸው አንዱ -165፣ -11፣ 206 ነው፣ የሁለቱ ኳሶች መሃል በስንት ሜትር እንደሚለያይ ማለት ነው። እባክህ በማውዝ ይዘህ 200 ሜትር እንዳትጎትተው። አውቃለሁ ያምርሃል፣ አታድርገው።

ሌላ ደግሞ አራት ማዕዘን ለታጠፈ ወረቀት አይበቃም። ግሪዱ በየ 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ ወረቀቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፣ መስቀለኛዎቹን ከየእጥፋቱ በዚህም በዚያም ወስደህ ሃያ ሠላሳ ነጥብ አድርገው። ወረቀት ይሳባል፣ ይሸበሸባል፣ እጥፋቱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትስት መሬት ላይ 25 ሜትር ነው።

ሰመመን21፦

ፐ! በምሥራቅም በልቷል፣ አሁን ነው ያየሁት። አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን ካርታው ላይ አዲንዳን የሚል ቃል የትም የለም፣ ፈልጌ ነበር።

ጡረተኛው_ቀያሽ፦

ልጄ፣ የለም ሳይሆን ተቀዷል። እሱ የሚጻፈው የታችኛው ህዳግ ላይ ነው፣ ስኬሉ፣ የኮንቱር ልዩነቱ፣ ዳተሙ፣ የማግኔት ሰሜንና የግሪድ ሰሜን ልዩነት ሁሉ እዛ ነበር። ሰው ካርታ ሲያጥፍ ህዳጉን ትርፍ ወረቀት ይመስለዋል፣ አንዳንዱ ኪሱ እንዲገባለት ብሎ በመቀስ ሁሉ ይቆርጠዋል፣ እኛ ግን ገና ስንቀጠር ካርታ ከህዳጉ ነው የሚነበበው ተብለን ነው የተማርነው።

አዲንዳን ማለት ከኛ አገር ርቆ ግብፅና ሱዳን ድንበር አካባቢ አቡ ሲምበል አጠገብ ያለ የቅየሳ ነጥብ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ ፈረንጆቹ የዓባይ ተፋሰስ ሲጠና አሜሪካኖቹ ከዛ የተነሳውን ልኬት እየጎተቱ ወደኛ አመጡት፣ ተራራ ከተራራ እየተያዩ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ነው፣ ከዛ በኋላ የተሠራው ካርታ ሁሉ እሱን ተከተለ። ስለዚህ የሐረና ጨፌህ አድራሻ የሚቆጠረው ከኑብያ በረሃ ነው። እኔ ሁሌ ይገርመኛል።

የሺቱ ቁጥር ከላይ ጥግ ላይ ካልተቀደደ 0639 ብሎ ይጀምራል፣ 6 ዲግሪ ሰሜን 39 ዲግሪ ምሥራቅ ማለት ነው፣ ከኋላው ፊደልና ቁጥር ይከተለዋል፣ አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ አሥራ ስድስት ሺት ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ በ15 ደቂቃ። ያንን ካገኘህ ያልተቀደደ ቅጂ ማስፈለግ ትችላለህ።

ከፍታውን በሚመለከት። ኮንቱሩ በእግር እየተኬደ የተለካ እንዳይመስልህ። መሬት ላይ የሚለካው ጥቂት መቆጣጠሪያ ነጥብ ነው፣ የቀረው ከአየር ፎቶ ነው የሚሳለው። ሁለት ተደራራቢ ፎቶ መሣሪያው ላይ ይቀመጣል፣ ሠራተኛው በሁለት ዓይኑ ሲያይ ተራራው ብድግ ብሎ ይታየዋል፣ አንዲት የብርሃን ነጥብ አለች፣ እሷን መሬቱ ላይ አሳርፎ ከፍታውን ሳይለቅ ይነዳታል፣ የነዳበት መንገድ ኮንቱር ይሆናል። ሜዳ ላይ ቀላል ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ላይ ግን መሬቱ የት አለና? የሚታየው የዛፍ አናት ነው። ዝግባው 30 ሜትር ቢሆን ነጥቧ የምታርፈው ዝግባው ላይ ነው። ልምድ ያለው ሠራተኛ የዛፉን ቁመት ገምቶ ይቀንሳል፣ ክፍተት ባገኘበት ወርዶ መሬት ይነካል፣ የቀረው በእጁ ስሜት ነው። ጨፌው ላይ የገጠመልህ ዛፍ ስለሌለ ነው። ኮንቱሩ በየ 20 ሜትር ከሆነ ደግሞ በሰላሙም ቀን ቢሆን ግማሹን ያህል ሊስት ይችላል።

ያልተቀነሰለት ጫካና የተቀነሰለት ጫካ በአንድ ሺት ላይ ጎን ለጎን ታገኛለህ፣ ሁለት ሰው ተካፍሎ ስሎት ይሆናል። ድንበሩ ላይ ኮንቱሮቹ በድንገት ሰበር ብለው ሲገጥሙ አይተህ ከሆነ እሱ ነው።

ሰመመን21፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥዎት። ሰበር ያለ ቦታ አለ! እኔ የመሬት መሰንጠቅ መስሎኝ ነበር። ይሄንንም ሁለት አንቀጽ ጽፌበታለሁ ብል ያምኑኛል? የሺቱ ቁጥርም አለ፣ 0639 ነው የሚለው።

ሬስተር_ሰፈር፦

አደራ ከዲኢኤም (ከዲጂታል የከፍታ ዳታ) ጋር አወዳድሬ አስተካክለዋለሁ ብለህ ደግሞ ሌላ ጉድጓድ እንዳትገባ። ያ ከስፔስ ሻትል በፌብሩዋሪ 2000 እ.ኤ.አ. በራዳር የተለካው ነፃ ዳታ እሱም ጫካ ላይ መሬቱን ጥርት አድርጎ አያይም፣ ቅጠሉ መሃል የሆነ ቦታ ነው የሚቆመው። ሁለት የዛፍ አናት አወዳድረህ ልዩነቱን የመሬት መንሸራተት ብለህ እንዳትጽፍ።

የደሎዋ_ልጅ፦

እኔ የጂአይኤስ ሰው አይደለሁም ግን መንገዱን በተመለከተ ዝም ማለት አልቻልኩም። መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የተጻፈ ስም አለ? መልካ የሚል?

ሰመመን21፦

አለ! መልካ ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ ያለው እጥፋቱ ላይ ስለሆነ አይነበብም። የሰፈር ስም ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት።

የደሎዋ_ልጅ፦

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ሰው እዛ ድረስ የሚሄደው ሊሻገር ነዋ 😂 ማዶ ያለው መንገድ ያልተሳለው ከላይ የሚታይ ስላልሆነ ነው፣ የቀርከሃ ጫካ ውስጥ ከገባህ ከአየር ይቅርና አብሮህ የሚሄደውን ሰው አታየውም። እዚህ ማዶ ሜዳ ስለሆነ መንገዱ ታየ፣ እዛ ማዶ ጫካ ስለሆነ ጠፋ፣ በቃ። ሰውና ከብቱ ግን እየተሻገረ ነበር፣ ቀፎ የሚሰቅለውም እንደዛው።

ስሞቹን ዝም ብለህ አትለፍ። ቱሉ ተራራ ነው፣ ላጋ ወንዝ ነው፣ ቡርቃ ምንጭ ነው። ቱሉ ዲምቱ እንኳን ቀዩ ተራራ ማለት ነው፣ 4,377 ሜትር ብሎ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን አያውቀውም። አንዳንድ ካርታ ላይ ላጋ እገሌ ካለ በኋላ እንደገና ወንዝ ብሎ ይጽፈዋል፣ ወንዝ እገሌ ወንዝ። የጠየቀው ሰው በአንድ ቋንቋ ጠየቀ፣ የተጠየቀው በሌላ መለሰ፣ የጻፈው ደግሞ በሦስተኛ ቋንቋ ጻፈው። ጮክ ብለህ አንብበው፣ ከዛ ለአካባቢው ሽማግሌ ንገረው፣ ያቃናልሃል። አሁን ሳተላይቱ ላይ ዛፍ ሸፍኖት የማታየው ምንጭ ስሙ ካርታው ላይ ቡርቃ ተብሎ ተቀምጦ ይሆናል እኮ።

ጥቁር_ነጥብ፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን ዋናውን ነገር ማንም አላነሳውም። ዳተሙ ተስተካከለ እንበል፣ ጨፌው ቦታው ገባ እንበል። ከዛ አረንጓዴውን ለክተህ ጫካው ያኔ ይሄን ያህል ሄክታር ነበር ልትል ነው? ካርታው ላይ ያለ አረንጓዴ የአንድ ሰው ውሳኔ ነው። ምን ያህል ዛፍ ሲበዛ ነው ጫካ የሚባለው? አስታው ጫካ ነው ወይስ ቁጥቋጦ? ላይኛው ዳር ላይ ኮሶው አልቆ አስታ ሲጀምር አንዱ አረንጓዴ ይቀባዋል አንዱ ይተወዋል። ታች ደግሞ ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና አለ፣ ከላይ ሲታይ ጫካ ነው፣ ሥሩ ሰው ምንጣሮ ሠርቶበታል። አረንጓዴው ይህን አይነግርህም። ዳሩን ደግሞ ልብ ብለህ እየው፣ ለስለስ ብሎ ክብ ክብ እያለ ነው የሚሄደው፣ የእውነት የጫካ ዳር እንደዛ ነው? ለእይታ እንዲያምር የተስተካከለ ነው።

እኔ ብሆን ካርታውን ለስሞቹና ለመንገዶቹ እይዘውና ለጫካው ወደ ፎቶ እሄዳለሁ። አሜሪካኖቹ ከ1960 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ያስነሱት ኮሮና የሚባል የስለላ ሳተላይት አለ፣ ፊልሙ በ1995 ለሕዝብ ተለቋል፣ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ይቻላል። ጥራቱ ቆንጆ ነው፣ ነጠላ ትልቅ ዛፍ ሁሉ የሚለይበት ጊዜ አለ። ችግሩ ባሌ ደመና ነው፣ አሥር ምስል ከፍተህ ዘጠኙ ጥጥ ይሆንብሃል።

ሬስተር_ሰፈር፦

በዚህ እንኳን ትንሽ አልስማማም፣ አረንጓዴው ውሳኔ ነው ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጨፌና ጥቅጥቅ ጫካ ጎን ለጎን ሲሆኑ ማንም አይስትም፣ የሚያከራክረው አስታውና ቡናው ነው። ዳሩ ላይ ግራና ቀኝ 50 ሜትር እንደማይታወቅ ቆጥረህ ከዛ በላይ የሆነውን ብቻ ለውጥ በል።

ጥቁር_ነጥብ፦

50 ለጨፌው ይሁን። ለአስታው ግን 300 በለው።

ሰመመን21፦

እንግዲህ ሰዎች ሁለት ቀን ጠፍቼ ይሄው ተመለስኩ። ከእጥፋቶቹ ግራና ቀኝ 28 የግሪድ መስቀለኛ ወሰድኩ፣ 20137 አልኩት፣ ኢትዮጵያ የሚለውን መረጥኩ። ስከፍተው ወንዙ ወንዙ ላይ ገባ። በእውነት እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ነው ያየሁት፣ መታጠፊያው በመታጠፊያው፣ ገደሉ በገደሉ ላይ፣ ያች የተፋቀችው ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳን አሁን የሳተላይቱ ወንዝ ሞላላት። ጨፌው ከሞላ ጎደል ያው የድሮው ጨፌ ነው፣ ልዩነቱ 20 ሜትር 30 ሜትር ነው፣ ማለትም ምንም ማለት አይደለም። የግጦሹ ሦስት ገጽ ተሰርዟል፣ ነፍስ ይማር።

ግን አንድ ነገር ቀረ። ከመልካው ወደ ታች መንገዱን ይዞ በአንድ በኩል ያለው አረንጓዴ ዛሬ የለም፣ ዳሩ ወደ 400 ሜትር ገባ ብሏል፣ ርዝመቱ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ። ይሄ እንደ ጨፌው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፣ በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ወንዙም እዛው ቦታው ላይ ነው ያለው። ከ50ውም ከ300ውም ያልፋል። እዛ ቦታ አስታ የለም፣ ከፍታው ዝቅ ያለ ነው፣ የቡናው ጉዳይ ግን ሊሆን ይችላል ብዬ ፈራሁ፣ በእግሬ ሄጄ ሳላይ አልጽፍም።

የደሎዋ_ልጅ ስሞቹን ጮክ ብዬ ሳነብ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ እየሳቀብኝ አቃናልኝ፣ ሦስት ቡርቃ ተገኘ።

ጡረተኛው_ቀያሽ፦

ጎበዝ። አሁን ጀርባው ላይ በእርሳስ ስለተጻፈው እስቲ ንገረኝ። ስልክ ቁጥር ነው ያልከው ስንት ስንት አሃዝ ነው? አንዱ አጭር ሆኖ ቀጥሎ በሰረዝ ሌላ ቁጥር አለው?

ሰመመን21፦

አዎ፣ አምስት መስመር ናቸው፣ በግራ ሁለት አሃዝ አለ ከሁሉም ጋር አንድ ዓይነት፣ ከዛ ሰረዝ፣ ከዛ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር፣ በተከታታይ።

ጡረተኛው_ቀያሽ፦

እሱ ስልክ አይደለም ልጄ፣ የአየር ፎቶ ቁጥር ነው የሚመስለው። የግራው የበረራው መስመር ነው፣ የቀኙ የፎቶው ተራ። አውሮፕላኑ በአንድ መስመር ሲሄድ ያነሳቸው አምስት ተከታታይ ፎቶዎች ማለት ነው፣ ካርታውን ሜዳ ይዞ የወጣ ሰው የትኞቹ ፎቶዎች ሸለቆውን እንደሚሸፍኑ ለራሱ መዝግቦታል፣ እኛም እንደዛ ነበር የምናደርገው። የበረራው ዓመት አብሮ ካልተጻፈ ከሺቱ ቁጥር ጋር አድርገህ አቅርበው። የድሮዎቹ የአየር ፎቶዎች አሁን ስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው፣ ከዩኒቨርሲቲህ ደብዳቤ ይዘህ ሂድ። ከመልካው በታች ያለው ቡና ይሁን ጫካ ከፎቶው ታየዋለህ፣ የዛፉን አናት በጥላው ትለየዋለህ።

ሰመመን21፦

ጋሼ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዘመዳችን ምን ሥራ ነበር የሚሠሩት ብዬ እናቴን ጠይቄያት አሁን ነው የነገረችኝ፣ ባሌ ሄደው ብዙ ጊዜ ይቆዩ ነበር ለምን እንደሆነ ግን አናውቅም ነው ያለችኝ። ደብዳቤውን ሰኞ አጽፋለሁ።

ቀይ_እስክሪብቶ፦

ሰኞ ከመሄድህ በፊት ጀርባውንም ስካን አድርገው። እርሳስ ነው፣ ይጠፋል።